እርጥብ ጆንያና አምስተኛው ትውልድ

ሰው ለሰው ያዝናል፣ ለበግ ያዝናል፣ ሲብስበት ደግሞ ለአሮጌ መኪናው ያዝናል። እኔ ግን ግድግዳ ላይ ለተለጠፈች ነጭ ሳጥን አዝኜ አንድ ሙሉ ፋብሪካ ቀጥ አደረግሁ ብዬ ብነግራችሁ ምን ትሉኛላችሁ? የፈለጋችሁትን በሉ። ባለቤቴ ከሁላችሁም ቀድማ ብላኛለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምሠራው ጅቡቲ ከተማ ዳር ያለ አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አያቴ ከባቡሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። አባቴ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ተወለደ፣ እኔም ካርቲየ 2 ተወለድኩ፣ እዚያው እያላበኝ ጸጉሬ ሸበተ። በፋብሪካው ያለኝ ማዕረግ «ሼፍ» ይባላል። ወጥ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ፈረንሳይኛ የለመደ ከተማ የሠራተኛ አለቃን እንዲህ ነው የሚጠራው። ማዕረጉ ያምራል እንጂ ሥራዬ ማዳመጥ ነበር። ከማምረቻ መስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለስኩ ማሽኖቹን አዳምጣለሁ፣ አንዷ ካቃሰተች ወይም ካፏጨች «አቁሙ!» ብዬ እጮኻለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም ማለት ይቻላል፣ ግን በጩኸቴ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ።

ፋብሪካውን ላላየ ሰው፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣት የምታክል የላስቲክ ቱቦ ትገባለች፣ ትሞቃለች፣ ተነፍታ ጠርሙስ ትሆናለች። ከዚያ ትታጠባለች፣ ውሃ ትሞላለች፣ ክዳኗን ትደፋለች፣ ካርቶን ውስጥ ትገባለች። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ጨዋታው የሚበላሸው በኬብል ነበር። ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያገናኙትን ኬብሎች የባሕሩ ጨው ይበላቸዋል፣ ሙቀቱ ይሰነጥቃቸዋል፣ የተረፈውን ቁራ ይጎትተዋል። የጅቡቲን ቁራ የማታውቁ ከሆነ እግዜር ይወዳችኋል። የኔን ምሳ ከእጄ ላይ የነጠቀ ቁራ ለኬብል አይራራም። ታዲያ አንዱ ኬብል የተበጠሰ እንደሆነ ባለሙያ ከውጭ አገር እስኪመጣ መስመሩ ይቆማል፣ እኛም ጥላ ሥር ተቀምጠን ቁራዎቹን እንረግማለን።

የፋብሪካው ባለቤት ሐጂ ዩሱፍ ይባላሉ። የድሬዳዋ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፣ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ቪላ አላቸው፣ ሆኖም ልባቸው ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ፈቲያ። ሕፃን ሳለች ፋብሪካው ውስጥ የጠርሙስ ክዳን በቀሚሷ ታቅፋ ስትሮጥ አውቃታለሁ፣ እስከ ዛሬም «ጋሼ» ነው የምትለኝ። ውጭ አገር መሐንዲስነት ተማረች፣ እዚያው አንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠራች፣ ከዚያ ትልቅ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። ሻንጣው ግን አልተፈታም። ያ ትልቅ ፋብሪካ «መቼ ትመለሻለሽ?» እያለ መልስ ይጠብቃል፣ ሻንጣውም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ እናቷም በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ይቺ ልጅ ናት እንግዲህ አባቷን ለምና፣ ኬብሉን አስነቅላ፣ ነጫጭ ሳጥኖች ከጣሪያው ሥር ያስለጠፈችው። ፈጣን ገመድ አልባ ኔትወርክ ነው። «አምስተኛው ትውልድ ይባላል፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔ ከአያቴ ብቆጥር ሦስተኛ ነኝ፣ ልጆቼ አራተኛ ናቸው። ኔትወርኩ እኛ ቤት ገና ያልተወለደው ትውልድ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ምን ልበላችሁ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ራሷን የምትነዳ ጋሪ መጣች። ሾፌር የላት፣ ሐዲድ የላት፣ ጠርሙሶቹን ተሸክማ ከማሽን ማሽን ትዞራለች፣ እኔ መንገዷ ላይ ከቆምኩ ትቆማለች፣ ካልተንቀሳቀስኩ በጎኔ ታልፋለች። በከተማችን እንዲህ ለእግረኛ የሚያዝን ሾፌር አላጋጠመኝም። እያንዳንዷን ጠርሙስ የምታይ ካሜራ ተሰቀለች፣ ጠማማዋን አይታ ለብረት ክንዱ ትነግረዋለች፣ ክንዱ ለቀም አድርጎ ያወጣታል። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ፈልጌ እጄን በመሀላቸው አሳለፍኩ። አየር ነው። እንደገና አሳለፍኩ። አሁንም አየር ነው። ፈቲያ እየሳቀች አስረዳችኝ፦ በድሮው መስመር ማሽኖቹ ተራ ጠብቀው ነበር የሚያወሩት፣ በዚህኛው ሁሉም በአንዴ ያወራሉ፣ ሁሉም ይደማመጣሉ። እኛ ሰፈር ገና እዚህ ደረጃ አልተደረሰም።

አንድ ጠዋት ደግሞ ፈቲያ ስልኳን አየችና «ጋሼ፣ የመሙያው ሞተር ኩሽኔታ ሊሰበር ነው» አለች። ሄጄ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ሰላም ነው። «ይሄማ እንደ ሕፃን ተኝቷል» አልኳት። ተፈታ። ኩሽኔታው ስንጥቅ አለው! እጄ ላይ ይዤው ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ማሽን ሳይታመም በፊት መታመሙን የሚናገር ነገር በአየር ላይ አለ፣ እኔም እዚያው አየር ውስጥ ቆሜ ስተነፍስ ነበር። ቀናሁ፣ ፈራሁ፣ ከሁለቱም ይልቅ ግን ተደነቅሁ። ያን ቀን ምሳም በወጉ አልበላሁ።

ሐጂ ግን አልተደነቁም። እንደ ነጋዴ አሰቡት። አንድ ቀን ሁላችንን ሰብስበው ልጃቸውን እንዲህ አሏት፦

«አቦ ፈቲያ፣ እኔ ወሬ አልፈልግም። ነገ በቀትር ዙህር ሰግጄ እተኛለሁ። ሠራተኛው ሁሉ ቤቱ ይሄዳል። አንቺ ከቤት ሆነሽ ፋብሪካውን ንጂው። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላት ስነሳ መስመሩ ሳይቆም ከጠበቀኝ፣ ይሄ ነገርሽ ይቆይ። ከቆመ ግን፣ ወላሂ፣ ሳጥኖቹን ከግድግዳ አውርጄ ወደ ሽቦዬ እመለሳለሁ።»

ይህ ፈተና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የጅቡቲ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። እዚህ ከተማ በቀትር የሚሠራ ነገር የለም። ጫቱ ይገባል፣ የጫት መኪናው ጡሩምባ ይነፋል፣ ሰው እቅፉን ይዞ ይበተናል፣ ከዚያ ከተማዋ ጥርቅም። ሱቁም ቢሮውም ተኝቷል። የእኛም ማሽኖች ያኔ ይጠፉ ነበር። ሐጂ የጠየቁት ማሽኖቹ ጅቡቲያዊ መሆናቸውን እንዲተዉ ነው።

«እሺ፣ አባ» አለች ፈቲያ። «ሳጥኖቹ ከወረዱ ግን እኔም እዚህ የምሠራው ሥራ የለኝም። ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

ሐጂ ወደ ካርቶኖቹ ዞረው መዳሰስ ጀመሩ። ይቺ ልጅ ከሄደች ተመልሳ እንደማትመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሠራተኛ አይኖርም ሲባል እኔ ከሠራተኛ አልተቆጠርኩም። ፈቲያ ጎተት አድርጋ «ጋሼ፣ አንተ በር ላይ ቁጭ በል፣ ሌባም ቁራም እንዳይገባ። አደራህን ግን፣ ማሽኖቹን እንዳትነካ» አለችኝ። ማልኩላት።

በማግስቱ የመጣው ሙቀት ሙቀት አይባልም። ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ተነስቶ አሸዋውን ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ቁራዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ሥር ተደርድረዋል፣ ያኔ ብቻ ነው ያዘንኩላቸው። ሠራተኛው ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔና ማሽኖቹ ቀረን። መስመሩም ያለ ሰው መሄድ ጀመረ። ጋሪዋ ትዞራለች፣ ክንዱ ይለቅማል፣ ውሃው ይሞላል። ፈቲያ ሀራሙስ፣ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ በስልኳ ትነዳዋለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምቆመው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቁጭ ማለት ነውር መሰለኝ።

መዓቱ የመጣው በስልኬ በኩል ነው። ኪሴ ውስጥ ጋለችና «ሞቆኛል» የሚል ጽሑፍ አውጥታ ራሷን አጠፋች። ደነገጥኩ፣ ከመስመሩ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ጠርሙስ አንስቼ ላዩ ላይ አስተኛኋት። ትንሽ ቆይታ ነፍስ ዘራች። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የኔ ሐሳብ ሲመጣ ባለቤቴ ብርጭቆዎቹን ታነሳለች፣ ያን ቀን ግን አጠገቤ አልነበረችም። ስልክ ሲሞቃት የምትጠፋ ከሆነ፣ ጣሪያ ሥር የተሰቀሉት ሳጥኖችስ? መሰላል አምጥቼ ወጣሁና አንዷን ነካኋት። ጣቴን አቃጠለችኝ። እንደዚህ እየነደደች ነው ሁሉንም በዝምታ የምትሸከመው! ብትጠፋ መስመሩ ቆመ። መስመሩ ከቆመ ፈቲያ ሄደች።

እኛ ቤት ሙቀት ሲበረታ ሁሉም ነገር እርጥብ ይለብሳል። መስኮቱ እርጥብ አንሶላ፣ ጀሪካኑ እርጥብ ጆንያ፣ የዶሮው ቤት እርጥብ ጆንያ፣ እኔ ራሴ እርጥብ ፎጣ። ነፋሱ በእርጥቡ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ጅቡቲ ውስጥ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም፣ ክሊም የሚባለው ማቀዝቀዣ ከመምጣቱ በፊት ነፍሳችንን ያቆየው ይኸው ነው። ማሽኖቹን እንዳልነካ ምያለሁ። ሳጥን ደግሞ ማሽን አይደለም፣ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። የቃጫ ጆንያ ከመጋዘን አወጣሁ፣ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ ወጥቼ ጥሩ አድርጌ አለበስኳት። ውሃው በግድግዳው ላይ ሲንጠባጠብ እኔ ራሴ ቀዘቀዘኝ።

ከመሰላሉ ሳልወርድ ጋሪዋ ቆመች። መሀል መንገድ ላይ፣ ጠርሙስ እንደተሸከመች። ወርጄ «አይዞሽ» አልኳት። ወይ ፍንክች። ሙቀቱ ቀደመኝ ማለት ነው! ሮጬ ሁለተኛዋን ሳጥን አለበስኩ። የብረት ክንዱ አንድ ጠርሙስ አንጠልጥሎ አየር ላይ ደረቀ። እግዚኦ፣ ሙቀቱ እየተዛመተ ነው! ጆንያ ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሦስተኛዋን አለበስኩ። መሙያው ቆመ። በረድኤት ላይ ረድኤት ስጨምር ፋብሪካው በሞት ላይ ሞት ይጨምራል። የቀረችውን የመጨረሻ ሳጥን ሁለት ጆንያ ደረብኩላት።

ያልቆመች አንዲት ማሽን ብቻ ነበረች፣ ጠርሙስ የምትነፋው አሮጊት። እሷ ከድሮ የቀረች ናት፣ በገዛ ኬብሏ ነው የምትሠራው፣ አምስተኛ ትውልድ አታውቅም። ጋሪዋ ልትቀበላት ባትመጣም አሮጊቷ መንፋቷን ቀጠለች። ባዶ ጠርሙሶች መሬት ላይ ፈሰሱ። ቁርጭምጭሚቴ ደረሱ፣ ጉልበቴ ደረሱ። በሸሚዜ እያቀፍኩ ወደ ጥግ ልወስድ ሞከርኩ፣ አንዷን ረገጥኩና ተንሸራትቼ ጠርሙሶቹ ውስጥ ሰመጥኩ። እዚያው እንደተቀበርኩ ስልኬ ጮኸች። እሷ የከተማውን ተራ ኔትወርክ ስለምትጠቀም ጆንያዬ አላገኛትም።

«ጋሼ» አለች ፈቲያ በሹክሹክታ። አባቷ ከጎኗ ሶፋው ላይ ተኝተዋል። «ምን እየሆነ ነው? አንድ በአንድ እየጠፉብኝ ነው።»

«ሙቀቱ ነው የኔ ልጅ» አልኩ፣ እኔም ሳላውቀው በሹክሹክታ። «እኔ ግን እየረዳኋቸው ነው።»

«እንዴት አድርገህ?»

«አቀዝቅዣቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እባክህ፣ ቪዲዮ ክፈትና አሳየኝ።»

ከጠርሙሶቹ መሀል እጄን አውጥቼ ስልኩን አነሳሁ። መጀመሪያ የቆመችውን ጋሪ አየች፣ ቀጥሎ የደረቀውን ክንድ፣ ቀጥሎ የጠርሙሱን ክምር። ወደ ላይ ሳዞረው ሳጥኖቹ፣ ጆንያ ተከናንበው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ ታዩ። ከዚያ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ስትጎስር አየኋት። ስቃ ይሁን አልቅሳ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ሁለቱም ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ውሃ ይውጠዋል» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ፈጣኑ ሞገድ እርጥብ ነገር ማለፍ አይችልም። ሳጥኖቹን አፍነህብኛል። አውልቅ፣ በደንብ አድርቃቸው፣ ቶሎ!»

እኔ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ሼፍ፣ ውሃ ጠላት የሆነበትን ነገር በዚህ ዕድሜዬ ሰማሁ። በጠርሙሶቹ መሀል እየዋኘሁ መሰላሉ ጋ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ጆንያ ገፈፍኩ፣ ሳጥኗን በሸሚዜ ጠረግኋት። እጄን ገና ሳላነሳ ክንዱ አየር ላይ ያንጠለጠላትን ጠርሙስ በቀስታ ቦታዋ ላይ አኖራት። ሁለተኛውን ገፈፍኩ፣ መሙያው ተነፈሰ። ሁሉንም ስገፍፍ ጋሪዋ ነቃች፣ ክምሩን ስታየው ቆም አለች፣ ከዚያ በጥግ በኩል መንገድ ፈልጋ፣ አንዲትም ጠርሙስ ሳትረግጥ ዞራ ሄደች። ማንም አልጮኸባትም፣ ማንም አልገፋትም። መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ዕንባዬ መጣ። ላብ ነው እንዳልል ላቡን ለይቼ አውቀዋለሁ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የውጭው በር ተከፈተና ሐጂ ገቡ። ገና የአስር አዛን አልተባለም። በሽርጥና በነጠላ ጫማ ናቸው፣ ፈቲያ ከኋላቸው ዓይኗ ቀልቷል። ሐጂ ጠርሙሶቹን በእግራቸው እየገፉ መጥተው ከመሰላሉ ሥር ቆሙ።

«መስመሩ ቆሞ ነበር?» አሉኝ።

«ቆሞ ነበር ሐጂ። ያቆምኩት እኔ ነኝ። እሷን አይንኩብኝ፣ ሳጥኖቹም አላጠፉም።»

«የተባባልነውን ተባብለናል» አለች ፈቲያ መሬት መሬት እያየች። «ቆሟል። ነገ አወርዳቸዋለሁ። ሻንጣዬን መኪናው ላይ ጭኜዋለሁ።»

«ማን አውርጂ አለሽ?» አሉ ሐጂ።

ሁለታችንም አየናቸው።

«እኔ መች ተኛሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማሽ ነበር። ያ ረቢ! አንድ ሽቦ የተበጠሰብኝ ጊዜ ባለሙያ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ጸጉሬ ነጥቷል። ዛሬ ይሄ ሰውዬ» በከዘራ እንደሚጠቁሙ ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፣ «ይሄ ሰውዬ ፋብሪካዬን በጆንያ አንቆ ሲገድለው፣ ልጄ ሶፋዬ ጎን ተቀምጣ፣ አባቷን እንዳትቀሰቅስ እየተንሾካሾከች፣ ከሀራሙስ ሆና አስነሳችው። ጨርሶ የማይቆም ማሽን አላህም አልፈጠረ። እኔ የፈለግሁት ሲቆም የሚያስነሳልኝ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የሚያስነሳልኝ ሰው ደግሞ ከቤቴ እንዲሄድ አልፈልግም።»

እኔ መሰላሉን ይዤ ወደ ጣሪያው ማየት መረጥኩ።

«አሁን እነዚህን ጆንያዎች ከዚህ ሰው አርቁልኝ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሻንጣሽን አምጪ።»

ሻንጣው መጣ። ሐጂ ከፈቱት፣ የልጃቸውን ልብስ አንድ በአንድ አውጥተው የውሃ ካርቶን ውስጥ ደረደሩ። ከዚያ ጆንያዎቹን፣ ውሃቸው ሳይጨመቅ፣ እዚያ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቁና ዘጉት።

«አባ፣ እርጥብ ነው እኮ! ሻንጣው ይበሰብሳል!» አለች ፈቲያ።

«ይበስብስ» አሉ።

ዛሬ መስመሩ በቀትር ይሠራል፣ ከተማዋ ትተኛለች። እኔም አሁንም ሼፍ ነኝ፣ ውሃ ይዤ መሰላል መውጣት ብቻ ተከልክያለሁ። ኸምሲን ሲነሳ ግን አንጀቴ አይችልምና፣ እጄን በሱሪዬ በደንብ አድርቄ፣ ወጥቼ ሳጥኗን ዳሰስ አድርጌ «አይዞሽ» ብያት እወርዳለሁ። ሻንጣው መጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ተቆልፎ ተቀምጧል፣ ሽታው ከበሩ ይቀበላችኋል። ይጣል ያልን እንደሆነ ሐጂ ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው ቁልፉ መኖሩን ያረጋግጡና ሌላ ወሬ ያነሳሉ።